ሲደመር አንድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ጨብጬ፣
አንዲቷን ጥያቄ ጽፌ ገልብጬ፦
«አንድ ገበሬ ቢያጥር መቶ ሜትር መሬት፣
ቋሚ ቢተክልበት በሁለት ሜትር ርቀት፣
ስንት ቋሚ ይፈጃል?» «ሃምሳ!» ይላል ክፍሉ።
«ሃምሳ አንድ» እላለሁ፤ ይስቃሉ ሁሉ።
የመጀመሪያውን መቁጠር ይረሳሉ።

ዛሬ ማሳው የኔ፣ አሥር በአሥራ አምስት፣
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት።
ቤቱ ከነልስኑ ቆሟል ራቁቱን፤
ሌሊት ጅብ ይመጣል፣ ያሸታል በሩን።
ባለፈው ሰኔ ላይ ውሻዬን ጎትቶ
ሄደ፣ ሰንሰለቱን ለኔ አስቀርቶ።
«አባዬ፣ የምልህን አንድ ጊዜ ስማ፣
አጥር!» አለች ልጄ ደውላ ከጅማ።

ናትናኤል መጣ፣ ጫማው ተወልውሎ፤
ስልኩን ከፈተልኝ «ፕላስቲክ ነው» ብሎ።
ነጭ፣ እንደ ወተት ጥርስ፤ ሰልፍ ይዞ የቆመ፣
ከጀርባው ሣር አለ፣ ፍየል ያልቀመ።
«አይዝግም፣ አይነቅዝም፣ ምስጥ አይበላውም፣
በውሃ ያብሱታል፣ ቀለም አይፈልግም።
ዋስትናው ሃያ ዓመት።»
                    እኔ ስድሳ ሰባቴ።
ዋስትናው ለማን ነው? ለአጥሩ? ለሕይወቴ?

ሜትሩን ዘረጋን። የኋላው ግንብ ነው፣ ተወው፤
በሩ ሦስት ሜትር፣ ያንንም ቀንሰው፤
ሠላሳ ሰባት ሜትር።
«አንዱ አራት ሺህ ስምንት መቶ» ሲል ምራቄን ዋጥኩኝ፣
በቃሌ አባዛሁት፤ እንዳልተሳሳትኩኝ
ደግሜ በእርሳስ፦
አንድ መቶ ሰባ ሰባት ሺህ ከስድስት መቶ ብር፤
ገና አንድ አካፋ አፈር ከመሬት ሳይጫር።

ሲሚንቶው አለ ደግሞ፤ እሱ ዋጋው ወፍ ነው፣
ጠዋት የጠየቅከውን ማታ አታገኘው።
ግማሽ ሲኖ አሸዋ። ቆፋሪ። አይሱዙ ከቃሊቲ።
ጫኝና አውራጁም ቆሟል ሊቀበል፤
«ራስህ ብታወርድም ላየንበት ክፈል።»
የበሩ ላሜራ፣ አርባ አምስት ሺህ ብቻውን።

ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት፦
ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ሺህ አንድ መቶ።
ተማሪ ቢያመጣው «ተሳስተሃል» ባልኩት።
በወር ጡረታዬ አካፈልኩት፤ ሰባ።
ቀሪ የለውም። ሰባ ወር፣ ቤቴ እህል ካልገባ።

ይኼኔ አዴ ድንቂቱ በጓሮ ብቅ አሉ፣
ከቁልቋሉ ወዲያ፣ ከዘራ ይዘዋሉ።
የቆምንበት ቦታ፣ ይኼ ጠጠር ሁሉ፣
የሽምብራ ማሳቸው ነበር አሉ።
ያ የጥያቄዬ ስም የለሽ ገበሬ
እሳቸው ናቸው ለካ። አላወቅሁም እስከ ዛሬ።

«ይኼ ጎማስ፣ ባርሲሳ፣ በየት ነው የሚያልፈው?»

እኔ ቤት ቧንቧ አለ፣ ውሃው ነው የሌለ፤
ሐሙስ ሌሊት በሳቸው እያፏጨ አለ።
ሰማያዊ ጎማ በቁልቋሉ ሾልኮ
ሮቶዬን ይሞላል ሌሊቱን ተልኮ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሒሳብ ሳይጠይቁ፤
እኔም፣ የሒሳቡ መምህር፣ ዝም።
ናትናኤል ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየና
«ይበሳል» አለኝ፤ «ግን ይቀራል ዋስትና።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ተራ ቁጥር ስምንት፦
ቀዳዳ። ብዛት፦ አንድ። ነጠላ ዋጋ፦
እርሳሴን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ።

«በሳቸው በኩል» አልኩት፣ ወሬ ለመለወጥ፣
«አሥራ አምስት ሜትር ነው፤ ስምንት ቋሚ ይቀመጥ።»
አዴ ድንቂቱ በከዘራቸው መሬቱን ነካ፣ ነካ
እያደረጉ ሄዱ፣ ከግንቡ እስከ መንገዱ፤
ዞረው ሳቁብኝ። «ሰገል» አሉ፤ «ዘጠኝ ነው።
መነሻውን ረሱ።»

ፊቴ ጋለ። ስምንቱን በላጲስ አጠፋሁ።

ናትናኤል ይደውላል፣ «ዋጋው ሳይጨምር» ይላል።
ዛሬ ሐሙስ ነው። ጅቡ በወንዙ በኩል ይጮኻል።
ጎማው አንገቱን ነቅነቅ አደረገ፣
ሳል ሳል አለውና ውሃ አደረገ።
ደብተሬ ላይ ረድፉ አለ እስካሁን ባዶ።
«ሞላ ወይ?» ይላሉ ከቁልቋሉ ማዶ።

«አንድ ባልዲ ይቀረዋል!»